ንጉሥ የተከሰሰ ጊዜ

ሞሚና ጮክ ብላ አትናገርም። የምትሠራበት ዌርሃውስ፣ የዕቃ መጋዘኑ ውስጥ፣ አጠገቧ ቆመው ካርቶን የሚያሽጉት ሰዎች እንኳን ድምፅዋን ለመስማት ጎንበስ ይላሉ። አሜሪካ፣ ኮሎምበስ ከተማ፣ ኢስትሙር ሰፈር አንድ አፓርትመንት የምትጋራት ጽጌረዳ፣ "አንቺ እኮ ስልክ ስታወሪ ዱዓ የምታደርጊ ነው የሚመስለው" እያለች ትስቅባታለች። ያቺ ሞሚና በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ ሃያ መጀመሪያ፣ በዚያ ሁሉ ብርድ፣ የኦሃዮ ግዛት ምክር ቤት በሆነው ስቴት ሃውስ ፊት ለፊት ድምፅ ማጉያ ጨብጣ ተናገረች። ብዙ ሰው ፖለቲካ የገባች መስሎት ነበር።

ምክንያቷ ዳውድ ነው። ዳውድና ሞሚና ያደጉት ኮምቦልቻ፣ አንድ ሰፈር ውስጥ ነው። አባቱ ከኤርትራ፣ ከሰንዓፈ የመጡ የከባድ መኪና ሾፌር ነበሩ፤ እሱ ግን ከኮምቦልቻ ሌላ አገር አያውቅም። ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ ሲነሳ ቤተሰቡ "ኤርትራውያን ናችሁ" ተብሎ በአውቶቡስ ተጭኖ ወደ ኤርትራ ተባረረ። ሞሚና ያኔ ልጅ ነበረች። ከብዙ ዓመት በኋላ እሷ በዲቪ ኮሎምበስ ገብታ፣ ዜግነትም አግኝታ ሳለ ድንበሩ ተከፈተና ዳውድ ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰ። ሄዳ ኒካሕ አሰረች። እንደተመለሰችም የቪዛ ጉዳዩን አስገባችለት። ዳውድ አዲስ አበባ አንድ ጎሚስታ ቤት ጎማ እየለጠፈ ጠበቀ፤ በመጨረሻ የአሜሪካ ኤምባሲ የቃለ መጠይቅ ቀጠሮ ለጃንዋሪ አጋማሽ፣ በአገር ቤት አቆጣጠር ለጥር መጀመሪያ፣ ደረሰው።

ቀኑ ሲታወቅ ዳውድ ፈራ።

"ሞሚ፣ እኔ ኤርትራዊ፣ አንቺ ኢትዮጵያዊት ነበርሽ፣ አሁን ደግሞ አሜሪካዊት። እንዴት ተገናኛችሁ ቢሉኝ ምን እላለሁ?"

"እውነቱን ነዋ።"

"እውነቱ እኮ ውሸት ነው የሚመስለው።"

ለቃለ መጠይቁ ሚስት አብራ ስትገባ ነገሩ ይቀላል የሚል ወሬ በእኛ ሰዎች ዘንድ አለ። ቆንስሉ ሁለቱን ጎን ለጎን ሲያያቸው ጋብቻው የወረቀት እንዳልሆነ ይገባዋል ይባላል። ሞሚናም ልሂድ ብላ ፈቃድ ጠየቀች። ጊዜው ሰው ለበዓል የገዛውን የሚመልስበት፣ ዕቃ ወደ ዌርሃውሱ የሚጎርፍበት ስለነበር እስከ ማርች ድረስ ፈቃድ የለም አሏት። እንግዲህ ወይ ዳውድ ብቻውን ይገባል፣ ወይ ቀጠሮው ይተላለፋል።

ይህን ስታወጣ ስታወርድ ነው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ተከሰሰ የሚለው ዜና የመጣው። ይህ ፕሬዚዳንት የአንዳንድ አገሮች ሰዎች እንዳይገቡ የከለከለው ነው፤ ዳውድም ሞሚናም አንድ ቀን ኤርትራን ይጨምርበታል እያሉ ይሰጉ ነበር። ዜናውን የሰሙት ከሥራ ሲመለሱ፣ ጽጌረዳ መኪና ውስጥ፣ በአማርኛ ራዲዮ ነው።

"በቃ፣ ወረደ!" አለች ጽጌረዳ መሪውን በመዳፏ እየመታች።

"ወረደ" አለች ሞሚናም።

በሁለቱ የሚፈርድ ካለ አገራችንን አያውቅም። የሞሚና አባት ኮምቦልቻ ፍርድ ቤት ደጃፍ ዣንጥላ ዘርግተው ማመልከቻ ይጽፉ ነበር። ባለሥልጣን የበደለው ሰው ሲመጣባቸው፣ "ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ። እስኪወርድ ጠብቅ ወንድሜ" ብለው ይሸኙታል። ልጃቸው የምታውቀው ሕግ ይህ ነበር። በእኛ ዘንድ መጀመሪያ ሰውየው ከወንበሩ ይነሳል፣ ክሱ ከዚያ በኋላ ይከተላል። ተከሶ በማግስቱ ቢሮው የሚገባ መሪ ሰምታም አይታም አታውቅም።

ያን ዕለት ለዳውድ ደወለች። "ቀጠሮውን አስተላልፈው። ማርች ላይ መጥቼ እጅህን ይዤ አስገባሃለሁ።"

"ኧረ ሞሚ፣ የተገኘ ቀን ይለቀቃል?"

"ሰውየው ተከሷል እኮ! ከእንግዲህ ምን ያመጣል?"

ዳውድ አልተከራከረም። በልጅነቱ ከቤቱ ተነቅሎ ያደገ ስለሆነ ይመስለኛል፣ መንገድ የሚያሳየው ሰው ሲያገኝ ዝም ብሎ ይከተላል። ቀጠሮው ወደ ማርች ተዛወረ።

ጃንዋሪ እየገፋ ሄደ። አንድ ቅዳሜ ሞሚና እንጀራ ልትገዛ የሐበሻ ሱቅ ስትገባ አንዋርን አገኘችው። አንዋር የወሎ ሰው ነው፤ ቀኑን ሙሉ ኡበር ሲነዳ ዜና ሲያዳምጥ ስለሚውል የማያውቀው የለም።

"ባለቤትሽ ገባልሽ?" አላት።

"ማርች ላይ ነው።"

"ቶሎ በይ እንጂ። የሚከለከሉት አገሮች ሊጨመሩ ነው፤ ኤርትራም አለችበት ይላሉ።"

"ማን ነው የሚጨምረው? ወርዶ የለ እንዴ?"

"ማን ወረደ?"

"ሰውየው። ተከሶ የለም?"

አንዋር ሳቀ። "አይ ሞሚና! የከሰሰው እኮ የታችኛው ምክር ቤት ነው። የሚፈርደው የላይኛው ነው፤ የላይኛው ደግሞ የራሱ ሰዎች ናቸው። ሰውየው ወንበሩ ላይ ነው። ስለ ክሱ ትዊት እያደረገ ነው።" ከዚያ ፊቷን አየና ሳቁን ዋጠው። "ምን ሆንሽ? ምን አልኩ?"

እንጀራውን ባንኮኒው ላይ ትታ ወጣች።

ከዚያ በኋላ ኤምባሲውን በኢሜይል ለመነች። ከማርች በፊት ያለ ቀን ሁሉ ተይዟል የሚል መልስ መጣላት። ደግማ ጻፈች፣ ያው መልስ ደግሞ መጣ። አሁን የቀራት አንድ ነገር ነው፤ ክልከላው ሳይታወጅ፣ ቢታወጅም ሥራ ላይ ሳይውል፣ ሰውየው በፍርድ ከወንበሩ መነሳት አለበት። ሰውየውን የሚያነሱት የላይኛው ምክር ቤት፣ የሴኔቱ ሴናተሮች ናቸው፤ እሷ ከምትኖርበት ከኦሃዮ ሁለት ሴናተሮች ደግሞ አንዱ የሰውየው ወገን ነው። ነገሩን እንዲህ አድርጋ ስታስበው የሚደረስበት ይመስል ነበር።

ክሊንተንቪል በሚባል ሰፈር ማርጎ የምትባል ጡረታ የወጣች ላይብረሪያን አለች። ሞሚናን ለዜግነት ፈተና ያስጠናቻት እሷ ናት። ማርጎና ጓደኞቿ፣ አብዛኞቹ ሽበታም ሴቶች፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ሃይ ስትሪት በሚባለው ጎዳና ማዕዘን ላይ ተቃውሞ የጻፉበት ካርቶን ይዘው ይቆማሉ፤ በሌላው ቀን የዚያን ሴናተር ቢሮ ኮል ያደርጋሉ። ሞሚና ደውላ "እኔም ልምጣ" ስትላት ማርጎ ደስታዋን መደበቅ አልቻለችም።

ካርቶን ላይ መጻፍ እንኳን ለሞሚና ጭንቅ ነበር። እንግሊዝኛዋ ቢሳሳት ብላ ፈራችና የምታውቀውን በአማርኛ ጻፈች። "ሰማይ ባይታረስም ንጉሥ ይከሰሳል።" ማርጎ ምን ማለት ነው ብላ ጠየቀቻት፤ ሞሚናም እንደምንም አስረዳቻት።

"ንጉሡ ገባኝ" አለች ማርጎ። "ሰማዩን ማን ሊያርሰው ፈለገ?"

ቀይ መብራት ላይ አንድ መኪና ቆመና መስኮቱ ወረደ። አንዋር ነው። ጮክ ብሎ አነበበው።

"በአማርኛ? ሴናተሩ የወሎ ልጅ ነው እንዴ?"

"አንተ አነበብከው አይደል?"

"እኔ ብቻ ነኛ ያነበብኩት! በይ ነይ፣ ይሄን ጓንት ያዢ። እጅሽ በረዶ ሆኗል።"

መብራቱ አረንጓዴ ሆኖ እሱ አልሄደም፤ ከኋላው ያሉት መኪኖች ክላክስ ነፉበት። ሴቶቹ ለእነሱ ድጋፍ የተነፋ መስሏቸው በደስታ ጮኹ። ሞሚናም ከእነሱ ጋር ጮኸች። በዚያ ወር የሳቀችው ያኔ ብቻ ይመስለኛል።

የወሩ መጨረሻ ዓርብ ሁለቱም ነገር በአንድ ቀን መጣ። ሴኔቱ ምስክር አልጠራም አለ፤ ክሱ ሊዘጋ ነው። ክልከላውም ታወጀ፤ ኤርትራ አለችበት፤ ፌብሩዋሪ ሃያ አንድ ሥራ ላይ ይውላል። ከዚያ ቀን በፊት ቪዛው በእጁ ያለ ይገባል፣ የሌለው አይገባም።

በማግስቱ ስቴት ሃውሱ ፊት ለፊት ሰልፍ ነበር። ማርጎ፣ "ያንቺን ታሪክ ሰው መስማት አለበት" ብላ ድምፅ ማጉያውን ሰጠቻት። ሞሚና ስለ አውቶቡሱ፣ ስለ ኒካሑ፣ ስለ ጎሚስታ ቤቱ ተናገረች። መሃል ላይ እንግሊዝኛው ጠፋባትና "ባሌን ስጡኝ" አለች በአማርኛ። አንዲት ሴትዮ አለቀሰች። ሌላዋ አቀፈቻት። ሰው ሁሉ ጮኸ፣ ፎቶ ተነሳ። ሲበተኑ ጥቂቶቹ ሾርት ኖርዝ የሚባለው ሰፈር ሄደን ምሳ እንብላ ተባባሉ።

ማርጎ በመኪናዋ ስትሸኛት ሞሚና ጠየቀቻት። "ከሃያ አንድ በፊት ይወርዳል?"

ማርጎ መኪናውን ዳር አስይዛ አቆመች። "የኔ እመቤት፣ አይወርድም። ድምፅ የላቸውም። ከመጀመሪያውም አልነበራቸውም።"

"ታውቂ ነበር?"

"ሁላችንም እናውቅ ነበር።"

"ታዲያ ምን ልታደርጉ ነው የምትቆሙት? በዚህ ብርድ?"

"ዝም ማለት ስላልቻልን ነው። ኖቬምበር ምርጫ አለ፣ ያኔ እናወርደዋለን።"

"ኖቬምበር" አለች ሞሚና።  ማርጎ መጥፎ ሰው አይደለችም፤ እጇን ይዛ አብራት አለቀሰች። ግን የሞሚና ቀን ሌላ ነው፣ የእነሱ ቀን ሌላ። ይህን ሳትጠይቅ አንድ ማዕዘን ላይ አብራቸው ቆማ ነበር።

ያም ሆኖ ሰኞና ማክሰኞ በእረፍት ሰዓቷ የሴናተሩን ቢሮ ኮል አደረገች። የምታነሳው ልጅ በትሕትና "መልእክትዎን አስተላልፋለሁ" ትላታለች። ረቡዕ ዕለት ዌርሃውሱ የምሳ ክፍል ውስጥ ቴሌቪዥኑ ላይ የሴናተሮቹ ስም እየተጠራ ነበር። ስትደውልለት የሰነበተችው የኦሃዮው ተራ ደረሰ። ጥፋተኛ አይደለም አለ።

ጽጌረዳ ትከሻዋን ነካቻት። "እኔ ነኝ 'ወረደ' ያልኩሽ" አለች።

"እኔም ብያለሁ" አለች ሞሚና፣ ተነስታም ወደ ካርቶኗ ሄደች።

ሃያ አንደኛው ቀን እንደ ሌላው ቀን መጥቶ አለፈ። የማርቹ ቀጠሮ ግን አልተሰረዘም። ዳውድ "ልግባ ወይስ ልቅር?" ብሎ ጠየቃት፤ "ግባ" አለችው። ቢያንስ ቃሏን ጠብቃ አጠገቡ ልትቆም ትኬት ይዛ ነበር። በዚያው ሰሞን ያ ዓለምን የዘጋው በሽታ ገባና ሰው ሁሉ ዕቃ በኢንተርኔት መግዛት ጀመረ፤ ዌርሃውሱ ተጥለቀለቀ፣ የሁሉም ፈቃድ ተሰረዘ። ትታ ብትሄድ ሥራዋን ታጣለች። ሥራ የሌላት ሚስት ደግሞ ባል ማስመጣት አትችልም። ስለዚህ ዳውድ ሁለቱም የፈሩትን አደረገ፤ ብቻውን ገባ።

የደወለላት ጠዋት ፈረቃዋ ሳይጀምር፣ መኪና ማቆሚያው ላይ ሳለች ነው። ጽጌረዳ መኪናውን ትታላት ቀድማ ገባች።

"ወጣሁ" አለ ዳውድ።

"እንዴት ሆነ?"

"ጥሩ ሴትዮ ናት። ስለ ኮምቦልቻ ጠየቀችኝ፣ ስለ ሰፈራችን። እንዴት ተገናኛችሁ አላለችኝም እኮ፣ ሞሚ። ፎቶዎቹን አይታ ሳቀች። 'ሁሉም ተሟልቷል፣ አምኜሃለሁ' አለችኝ።"

"እና?"

"እና ክልከላ አለ፣ ቪዛ መስጠት አልችልም አለች። አንድ ወረቀት ሰጠችኝ። ልዩ ፈቃድ ይታይልሃል፣ መቼ እንደሆነ አይታወቅም አለች።"

ሞሚና ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዋ አዛወረችው።

"ሚስትህ የት ናት አለችኝ። ሥራ አልለቅ ብሏት ነው አልኳት። 'አብራኝ ብትገባ ይሰጠኝ ነበር?' ብዬ ጠየቅኳት።"

"ምን አለችህ?"

 ከዳውድ ኋላ የመኪና ጡሩምባና የሎተሪ አዟሪ ጩኸት ይሰማል።

"ለውጥ የለውም አለች። 'በጃንዋሪ ቀጠሮህ ብቻህንም ብትመጣ ግን ይሰጥህ ነበር' አለችኝ።"

ሠራተኞች በመኪናው አጠገብ እያለፉ ወደ በሩ ይሄዳሉ። አንዷ መስኮቱን አንኳኩታ ሰዓቷን አሳየቻት። ሞሚና አየቻት፣ አልተንቀሳቀሰችም።

"ዳውድ፣ እኔ ነኝ አስተላልፍ ያልኩህ።"

"አውቃለሁ።"

"ተቆጣኛ። አንድ ነገር በለኝ።"

"ምን ልበልሽ? ብቆጣሽ ይሰጡኛል?" አለ። ድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ድካም ነበር። "ብቻ ንገሪኝ። አሁን የት ልሂድ? ጎሚስታ ቤቱን ትናንት ተሰናብቻለሁ። ግባ ስላልሽኝ እንደሚሰጡኝ ተማምኜ ነበር። አሁን ምን ላድርግ፣ ሞሚ?"

እስከዚያ ቀን ድረስ እንዲህ ሲላት መልስ ጠፍቷት አያውቅም። አፏን ከፈተች። ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንደያዘች ትንፋሹን አዳመጠች፤ እሱም ይጠብቃት ነበር።