ለእንግዳ የተሰጠችው ሄሊኮፕተሬ

የፀጉር ማስተካከያ ቶንዶስ ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ማጅራቴ ይግላል። ሌላው ሰው ወንበር ላይ ተደላድሎ የሚያንቀላፋበት ያ ቀጭን ንዝረት ለእኔ የንዴት ድምፅ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ባለቤቴ ፀጉሩን እስኪስተካከል በር ላይ ቆሜ ስጠብቅ፣ አስተካካዩ ማሽኑን ሲያስጠጋው ድምፁ እየወፈረ፣ ሲያነሳው እየቀጠነ፣ ሳላስበው ነጌሌ ወስዶ አባቴ ይሠራበት በነበረው መሥሪያ ቤት መጋዘን ውስጥ አቆመኝ። የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነኝ፣ እጄ ላይ ሪሞት አለ፣ ፊት ለፊቴ አየር ላይ ሄሊኮፕተሬ ቆማለች።

የእናቴ ወንድም ጋሼ መኮንን የጭነት መኪና ሹፌር ነበር፤ ለስደተኞች የሚሄደውን እህል ዶሎ ኦዶ አድርሶ ሲመለስ እኛ ቤት ያርፍ ነበር። መኪናው ቀይ አቧራ ለብሶ ደጃችን ሲቆም ውሃ በጆግ ይዤ እወጣና፣ እሱ ፊቱን እየታጠበ ሳለ ዶሎ ላይ ስለሚያርፉት ሄሊኮፕተሮች በጥያቄ አጣድፈው ነበር፤ እንዴት ሳይንደረደሩ እንደሚነሱ፣ ጅራታቸው ላይ ያለችው ትንሿ ክንፍ ምን እንደምትሠራ፣ አየር ላይ ምን ይዘው እንደሚቆሙ። ቦና በምንለው፣ ዝናብ በማይጥልበትና ከብቱ ሁሉ ውሃ ፍለጋ በሚነዳበት ወቅት፣ አንድ ቀን ከጋቢናው ካርቶን አውርዶ ሰጠኝ። ኮንትራቱን ጨርሶ ወደ አገሩ የተመለሰ ፈረንጅ የተወለት፣ በሪሞት የምትበር ሄሊኮፕተር ነበረች፤ ሆዷ ቢጫ፣ ርዝመቷ ክንዴን የሚያህል፣ አናቷ ላይ ተደራርበው የሚሽከረከሩ ክንፎች ያሏት፣ ከነቻርጀሯና ከነመለዋወጫ ክንፎቿ። እናቴና አባቴ ባሉበት «ይቺ የትዕግስት ናት» አለ። «ስትነዘንዘኝ የከረመችው እሷ ናት። የቤቱ አይደለችም፣ የእሷ ናት።» ይህን ሁላችንም ሰምተናል። አባቴም ሰምቷል።

ባትሪዋ እንደሞላ ሎኮን ጠርቼ ሄሊኮፕተሯን ግቢ ውስጥ አስቀመጥኳት። ሎኮ ጎረቤቴና የክፍል ጓደኛዬ ነበረች፤ ቤተሰቦቿ ከሊበን ገጠር ወደ ከተማ የገቡ፣ አማርኛዋን በኦሮምኛ እያዋዛች የምታወራ፣ ከእኔ ይልቅ ረጋ ያለች ልጅ። የሪሞቱን የግራ ዘንግ እስከ ጫፍ ገፋሁት። ሄሊኮፕተሯ እንደተነካች ተርብ ዘላ ተነሳችና ከግራሩ ቅርንጫፍ ተላትማ ወደቀች፤ አንድ ክንፏ ለሁለት ተሰበረ። ሎኮ እጇን አፏ ላይ ጭና ቀረች፣ እኔ አለቀስኩ።

አባቴ ከሥራ ሲመለስ ይቆጣኛል ብዬ ነበር፣ አልተቆጣም። ከጎጃም ለመንግሥት ሥራ መጥቶ ነጌሌ ላይ ትዳር የያዘ ዝምተኛ ሰው ነበር። ሄሊኮፕተሯን አገላብጦ አየና «ልጅ መጀመሪያ መቆም ይማራል እንጂ በሩጫ አይጀምርም» አለኝ። የተሰበረውን ክንፍ አብረን ለወጥን፤ ከዚያ ሁለት ቀጫጭን ሸምበቆዎች እንደ መስቀል አጣምሮ ከእግሯ ሥር አሰረላት፣ ጫፍ ጫፋቸውንም የውሃ ጠርሙስ ክዳን አለበሰው፤ እንዲህ ሆና ስታርፍ ብትንሸራተት እንኳ አትገለበጥም ነበር። ንፋስ የማይገባበት ቦታ ስላስፈለገንም የመሥሪያ ቤቱ ባዶ መጋዘን ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እንድንለማመድ አስፈቀደልንና፣ እሱም በርጩማ ይዞ በሩ ላይ ይቀመጥ ነበር።

ሚያዝያ ላይ ዝናቡ ገብቶ የነጌሌ ቀይ አፈር ጫማ የሚነቅል ጭቃ ሲሆን፣ እኛ ከላይ ቆርቆሮው እየተንጫጫ ከታች ማብረር እንማር ነበር። መጀመሪያ ሪሞቱን፣ ቀጥሎ ሄሊኮፕተሯን ማብራት፤ ስንጨርስ ደግሞ መጀመሪያ እሷን ማጥፋት። ጅራቷን ወደ ራሳችን አድርገን ማስቀመጥ፣ ዘንጉንም እንቁላል እንደያዘ ሰው በለስላሳ ጣት መግፋት። ከወለሉ ገና ስትነሳ የራሷ ንፋስ መልሶ እየመታት ስለምትንገዳገድ፣ ደንግጦ ከማውረድ ጥቂት ከፍ ማድረግ እንደሚሻል ከውድቀት ተማርን። ዋናው ጣጣ ፊቷን ወደ እኔ ስታዞር ነበር፤ ያን ጊዜ ግራዋ ቀኜ፣ ቀኟ ግራዬ ስለሚሆን ላድናት ስል ግድግዳ ላይ እለጥፋት ነበር። ሎኮ ከኋላዬ ቆማ «ሱታ! ሱታ! ቀስ በይ እንጂ!» ትለኝ ነበር፤ የእሷ ተራ ሲደርስ እኔም በተራዬ «ሱታ!» እላት ነበር። ባትሪዋ አንድ ዘፈን ተጀምሮ እስኪያልቅ አትቆይም፣ እስክትሞላ ግን ሰዓት ትፈጅ ነበር፤ መብራት ከጠፋማ የዚያ ቅዳሜ ነገር አበቃ።

አንድ ቅዳሜ ግን ቆመችልኝ። ወዲህም ወዲያም ሳትል፣ በዓይኔ ትክክል፣ በማይታይ ክር የተንጠለጠለች ይመስል ቆመች። ጣቶቼ እኔ ሳላስብ ቀድመው ያርሟት ነበር። አባቴ ከበርጩማው ብድግ ብሎ አጨበጨበ፤ «ጎበዝ! ጎበዝ የእኔ ልጅ!» አለ። ያ ዝምተኛ ሰው ከቤተ ክርስቲያን ውጭ ሲያጨበጭብ አይቼው አላውቅም ነበር።

ሰኔ ገብቶ ሰማዩ ሲዳምን፣ ያ ቀዝቃዛ የክረምት ንፋስ ሲነሳ፣ አባቴ መሳቅ አቆመ። መሥሪያ ቤቱ አዲስ ኃላፊ ተሹሞለት ሠራተኛ ሊያዘዋውር ነው ተባለ፤ ማን ነጌሌ እንደሚቀር፣ ማን ወደራ ወደምትባለው ሌላ ከተማ እንደሚላክ የሚወስነው እሱ ነበር። ወደራ ክፉ አገር ሆና አይደለም፤ እናቴ ነጌሌ ነርስ ስለነበረች አባቴ ተላከ ማለት ቤታችን ለሁለት ተከፈለ ማለት ነበር። አባቴ ቅዳሜ መጋዘኑ ድረስ መምጣቱን ተወ፤ ምሳ ላይ ሳይቀር «ኃላፊውን አንድ ቀን ቤት መጥራት አለብን» ይል ጀመር።

በእንቁጣጣሽ ማግስት ኃላፊው ከነሚስቱና ከነልጁ መጣ። በግ ታርዶ ነበር። አባቴ ወንበር እየሳበ፣ ጎንበስ ቀና እያለ፣ «ይብሉ እንጂ፣ ምንም አልቀመሱም እኮ» እያለ፣ የማላውቀው ሰው መስሎ ነበር። ናቲ የሚባለው ልጃቸው ከእኔ በዕድሜ ያንሳል፤ ሰልችቶት እናቱን ተደግፎ ይነጫነጭ ነበር። አባቴ ወደ እኔ ዞረና «ትዕግስት፣ እስኪ ሄሊኮፕተሯን አብሪላቸው» አለኝ።

ደስ አለኝ። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይኸው ነው፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ሸምበቆውን ከሥሯ ፈትቼ አስነሳኋት፣ ግራሩን አዞርኳት፣ ፊቷን ወደ እኔ መልሼ ሳትዋልል አመጣኋትና ከኃላፊው ወንበር ፊት ለፊት አሳረፍኳት። እንደዚያን ቀን አብርሬ አላውቅም። እንግዶቹ አጨበጨቡ። ናቲ «የእኔ ናት! የእኔ ናት!» እያለ ሮጦ አቀፋት፣ ሪሞቱንም ሊነጥቀኝ ሲል ወደ ኋላ አልኩ።

እናቱ «ተው ናቲ፣ የሰው ነው» አለች፣ ግን እጁን አልያዘችውም። ኃላፊው ሳቀ። አባቴም አብሮት ሳቀና «ምን ችግር አለው፣ ይውሰዳት እንጂ! ለእሷ አጎቷ ሌላ ያመጣላታል» አለ።

«አባዬ፣ የእኔ ናት እኮ!» አልኩ።

«ትዕግስት!» አለኝ። አፉ ይስቅ ነበር፣ ዓይኑ ግን አይስቅም ነበር። መጥቶ ሪሞቱን ያዘ፤ አልለቅም ስል ጣቶቼን አንድ በአንድ አላቀቃቸው። ቻርጀሩንና መለዋወጫ ክንፎቹን እንኳ አልረሳም፣ ከአልጋዬ ሥር አምጥቶ በፌስታል ቋጥሮ ሰጣቸው። እናቴ ሳህን ታነሳ ነበር፤ ቀና ብላ አላየችኝም።

እንግዶቹ ሲሄዱ «ለእናንተ ብዬ ነው፤ ስታድጊ ይገባሻል» አለኝ። አድጌያለሁ። አሁንም አልገባኝም።

በዚያው ሳምንት ሎኮን ይዤ ኃላፊው ቤት ሄድኩ። በሩን የከፈተው ራሱ ነበር። ሎኮ እንደ አስተዳደጓ «አካም፣ ናጋ?» ብላ ሰላምታ ሰጠችው፤ እኔ አልሰጠሁትም። «ሄሊኮፕተሬን ልወስድ ነው የመጣሁት» አልኩት።

«አባትሽ እኮ ለልጄ ሰጥቶታል» አለ ፈገግ ብሎ።

«አባቴ የሰጠው የራሱን አይደለም፣ የእኔን ነው። እርስዎም ያውቃሉ፤ የእኔ ናት ስል ሰምተውኛል።»

ፈገግታው ጠፋ። ከኋላው፣ በረንዳው ላይ፣ አየኋት። ጅራቷ ተሰብሯል፣ ክንፎቿ ተነቅለዋል፣ ናቲ ሆዷን በገመድ አስሮ ሲሚንቶው ላይ ይጎትታታል። ዝናቡን ሁሉ መጋዘን ውስጥ ቆመን የተማርነው፣ ጣቴ ያወቀው ነገር ሁሉ፣ ለዚህ ሆነ። ሎኮ ከእኔ ቀድማ አነባች፤ ኃላፊውን ሽቅብ እያየች «ሰፉ! ይሄ ሰፉ ነው፣ ነውር ነው!» አለችው። በሩን ፊታችን ላይ ዘጋው።

አባቴ ወዲያው ሰማ። ሄጄ ይቅርታ እንድጠይቅ አዘዘኝ፣ እምቢ አልኩ። «አዋረድሽኝ» አለኝ። «ያዋረድከኝ አንተ ነህ» ብዬ ስመልስለት በጥፊ መታኝ፤ ከዚያ በፊት እጁን አንስቶብኝ አያውቅም ነበር። ጋሼ መኮንን ከጉዞው ሲመለስ ነገሩን ከእናቴ ሰምቶ፣ ያቀረብኩለትን ውሃ እንኳ ሳይነካ፣ አባቴን «ለእሷ ከሰጠኋት በኋላ ያንተ አልነበረችም» አለው። ጋሼም ሌላ አላመጣልኝም፤ ከየት ያመጣል?

በጥቅምት ዝውውሩ ታወቀ፤ አባቴ ወደራ ተመደበ። ዘመድ ጎረቤቱ ሁሉ «የዚች ልጅ ምላስ ነው ያስላከው» አለ፤ እኔም ይህን እየሰማሁ አደግሁ። ወሬው ከበረደ በኋላ ግን አንድ የመሥሪያ ቤቱ ሰው ጉዳዩ ነሐሴ ላይ ያለቀለት እንደነበር ለእናቴ ነገራት። ኃላፊው በጋችንን ሲበላ ያውቅ ነበር። አባቴ ጎንበስ ቀና ሲል እያየ ያውቅ ነበር። ልጁ ሄሊኮፕተሬን አቅፎ ሲወጣ ያውቅ ነበር፣ ያም ሆኖ «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ሄደ። ይህ ከተሰማ በኋላም ያንን የምላስ ወሬ «ተሳስተን ነበር» ያለኝ አንድም ሰው የለም። አባቴ በየሳምንቱ መጨረሻ ከወደራ በጭነት መኪና፣ አንዳንዴም ማር በቅል ይዞልኝ ይመጣ ነበር፤ ማሩን አልቀምሰውም ነበር።

ዛሬ የምኖረው ሐዋሳ ነው። አሁን በየሱቁ የሚሸጡት ትንንሽ በራሪዎች ቁልፍ ሲጫኗቸው ራሳቸው ይነሳሉ፣ ራሳቸው አየር ላይ ቆመው ይጠብቃሉ፣ ጣት መድከም የለበትም። ልጆቹ ሲያበሩ አልፎ አልፎ ቆሜ አያለሁ፣ ለልጄ ግን እስካሁን አልገዛሁላትም።

አባቴ ጡረታ ወጥቶ እኛ ጋ ሰንብቷል። በቅርቡ የቤት አከራያችን ከልጅ ልጃቸው ጋር ለምሳ መጡ፤ ልጁ የልጄን ባለ ሦስት እግር ብስክሌት አይቶ አልወርድም አለ። አከራያችን እየሳቁ «እስኪ ይዞት ይሂድ፣ ሲጠግበው ይመልሳል» አሉ። ባለቤቴ ምን ልበል ብሎ አየኝ። ገና አፌን ሳልከፍት አባቴ ከጥግ «የልጅቷ ነው፣ እሷን ይጠይቋት» አለ። ልጄ ተጠየቀች፤ «አልሰጥም» አለች። ብስክሌቱ ቀረ፣ ሰማይም አልተደፋም፣ አከራያችን ምሳቸውን በልተው መርቀውን ሄዱ።

አባቴን አየሁት። ተነስቼ ጉልበቱን መሳም ይገባኝ ነበር መሰለኝ፤ አልሳምኩም። ያኔ በእኛ ቤት እንግዳ ሲመጣ ዝም የምትለው ልጅ ነበረች፣ ዛሬ እንግዳ ሲመጣ ልጅ ትጠየቃለች፤ ልዩነቱ ይኸው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፣ አባቴም ሊለው እንደሚችል አሁን አየሁ። እሱን መቻሉ ደስ ሊያሰኘኝ ሲገባ እንደ አዲስ አናደደኝ። ወጥ ጨመርኩለት፣ እሱም እንጀራውን ቆርሶ በላ።