ወለዱን ያስቀነስኩ ጊዜ

ባለፈው ሳምንት የዩኒቨርሲቲ የኢኮኖሚክስ መምህራችን ሰሌዳው ላይ አንድ አግድም መስመር አሰመሩና «ይህ መንግሥት ለባንኮች ያስቀመጠው የወለድ ጣሪያ ነው እንበል። ከዚህ በላይ ማስከፈል አይቻልም። ማን ይጠቀማል?» ብለው ጠየቁ። ክፍሉ በአንድ ድምፅ «ተበዳሪው!» አለ። እኔ ጥያቄ ሲነሳ እጄን ለማውጣት ከሚቸኩሉት አንዷ ነኝ፤ ያን ቀን ግን እጄን አላወጣሁም። መምህሩም አስተውለው ኖሮ «አንቺ ዛሬ ምነው?» አሉኝ። አንድ ነገር ትዝ ብሎኝ እንደሆነ ነገርኳቸው።

አሥራ አንደኛ ክፍልን የጨረስኩበት ክረምት ነበር። የምኖረው ቢቸና፣ ከታላቅ እህቴ ከየሻረግ ጋር ነበር። እናታችን ካረፈች በኋላ ያሳደገችኝ እሷ ስለሆነች በስሟ ጠርቻት አላውቅም፤ እታለም ነው የምላት። ልብስ ሰፊ ናት። ገበያው አጠገብ በተከራየናት ጠባብ ክፍል ከፊት እሷ ትሰፋ ነበር፤ ከኋላ እንተኛ ነበር።

በከተማው የቁጠባና ብድር ማኅበር ነበር። እታለም በየወሩ ሳታቋርጥ ትቆጥብ ስለነበር፣ ኦቨርሎክ ለመግዛት ብድር ጠይቃ ወረፋ ይዛለች። ኦቨርሎክ የጨርቅ ጠርዝ እንዳይተረተር አድርጎ የሚሰፋ ማሽን ነው። አንድ ትምህርት ቤት የመስከረሙን ዩኒፎርም እንድትሰፋለት ከእሷ ጋር ተስማምቶ፣ ርእሰ መምህሩ «ጠርዙ በኦቨርሎክ ካልተሰፋ አንረከብም» ብሏት ነበር። ስለዚህ ማሽኑ ከነሐሴ አጋማሽ በፊት መገኘት ነበረበት። ያ ሥራ ከተሳካላት የተሻለ ሱቅ ለመከራየት አስባለች።

ሰኔ ላይ የማኅበሩ ጠቅላላ ጉባኤ ተጠራ። አጀንዳው ወለድ ነው። ወለዱን የሚወስኑት አባላቱ ራሳቸው፣ እጅ በማውጣት ነበር። እታለም በሰው ፊት መናገር ስለምታፍር በእሷ ስም እንድናገር ተፈቀደልኝ። ንግግሬን ሦስት ቀን ሙሉ ጻፍኩት፣ ሰረዝኩት፣ እንደገና ጻፍኩት። አዳራሹ ውስጥ የረጠበ ጋቢና የጭቃ ሽታ ነበር። ወረቀቴን ይዤ ከፊት ቆምኩ።

«አራጣን ካህናቱም ያወግዛሉ፣ ሼሆቹም ያወግዛሉ» አልኩ። «ታዲያ ከድሃ ላይ ከመቶ አሥራ ስምንት መውሰድ ምን ሊባል ነው?»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። አንድ ሽማግሌ «ተባረኪ! የማን ልጅ ናት እናንተ?» አሉ። እታለም እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ስትጠርግ አየኋት።

የማኅበሩ ሒሳብ ሠራተኛ አቶ ሰይድ ብቻ እጃቸውን አወጡ። ለሥራ ከደሴ የመጡ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው ናቸው። «ወለዱ ይውረድ፤ ግን በአንድ ጊዜ እንዲህ ከወረደ ለሁሉም ማበደር ያቅተናል። እባካችሁ ተረጋግታችሁ አስቡበት» አሉ። ከኋላ አንዱ «ሰውዬው ለደመወዙ ሰግቶ ነው!» ሲል ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ከዚያ እጅ ወጣ፤ ከእንግዲህ ወለዱ ከመቶ አሥር እንዳያልፍ ተወሰነ።

ሐምሌ መጨረሻ ላይ የእታለም ወረፋ ደረሰ። አብረን ሄድን። አቶ ሰይድ ማመልከቻዋን አገላብጠው አዩና ወደ እሷ መልሰው ገፋ አደረጉት።

«የሻረግ እህቴ፣ የብድር ኮሚቴው አዲስ መመሪያ አውጥቷል። የቤት ካርታ ወይም ደመወዝተኛ ዋስ ያስፈልጋል።»

«ባለፈው ዓመት እኮ የሰፈር ሰው ዋስ ይበቃል ብላችሁኝ ነበር» አለች።

«ባለፈው ዓመት ወለዱ አሥራ ስምንት ነበር። አንዳንዱ ሳይከፍል ቢቀር የሌላው ወለድ ይሸፍነው ነበር። ለትንሽ ብድርም ቢሆን ሠራተኛ ልከን ሥራውን አይተን፣ ተከታትለን እናስመልስ ነበር። አሁን ለዚያ የሚተርፍ የለም። ኮሚቴው የሚያበድረው ለማያጠራጥረው ሰው ብቻ ሆነ።»

«እኔ መቼ ሳልከፍል ቀርቼ አውቃለሁ?»

«አታውቂም። ግን ሳትከፍይ እንደማትቀሪ የሚያሳይ ወረቀት የለሽም።»

ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «የዚያን ቀን በደንብ ነው የተናገርሽው» አሉኝ። ሽሙጥ አልነበረም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ስንወጣ ባለ ፎቅ ሆቴል ያላቸው ሰውዬ ብድራቸውን ሊፈርሙ ካርታቸውን በላስቲክ ጠቅልለው ሲገቡ በር ላይ ተገናኘን። ለሳምንቱ ካለው ገንዘብ ትልቁን እሳቸው እንደወሰዱ ኋላ ሰማን።

ነሐሴ በገባ በሳምንቱ ወደ ሞጣ ሄድን። እዚያ የስፌት ማሽን በዱቤ የሚሰጥ ነጋዴ አለ ተብለን ነው። ሚኒባሱ ደብረ ወርቅን አልፎ እስከ ግንደ ወይን በጉም ውስጥ እየተንገላታ ሄደ። ፍልሰታ ስለነበር መንገድ ላይ ቅቅል ድንች በሚጥሚጣ ገዝተን በላን። እታለም ልጣጩን ሳታነሳ ነበር የምትበላው፤ ሐሳብ ሲይዛት እንዲያ ነች።

ነጋዴው፣ ጋሼ መኩሪያ ይሏቸዋል፣ ማሽኑን ከካርቶኑ አውጥተው አሳዩን። በእጅ በእጅ አርባ ሺህ፣ በዓመት ተከፍሎ በሚያልቅ ዱቤ ሃምሳ ስድስት ሺህ።

«ጋሼ፣ ይሄ ወለድ አይበዛም?» አልኳቸው።

«የምን ወለድ? ጦም ነው፣ አታናግሪኝ!» አሉና ሳቁ። «እኔ ወለድ አላውቅም። ዋጋ ነው። ደግሞ በዚህ ክረምት ከቢቸና ስትመጡ እናንተ አምስተኛ ናችሁ። ማኅበራችሁ ወለድ ቀነሰ አሉ? እግዜር ይስጠው፣ ደንበኛ ላከልኝ።»

እታለም ወደ እኔ አልዞረችም። ፈረመች። ስንመለስ ማሽኑን ጭናችን ላይ አጋድመን፣ እኔ በሐሳቤ አሰላሁት፤ ከመቶ አርባ ይመጣል። አራጣ ብዬ ያወገዝኩት አሥራ ስምንት ነበር።

ዩኒፎርሙ ለመስከረም ደረሰ፤ ትምህርት ቤቱም ተረከበ። ትርፉ ግን ሞጣ ሄደ። የተሻለውን ሱቅ ሌላ ሰው ተከራየው፤ እህቴ ዛሬም በዚያችው ጠባብ ክፍል ነው የምትሰፋው።

የወለድ ጣሪያ ሁሉ መጥፎ ነው ለማለት ገና የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። አሥራ ስምንትም ቢሆን ለእሷ ቀላል አልነበረም። እጃችንን ስናወጣ ግን የወሰንነው ስንት ይከፈል የሚለውን ብቻ መስሎን ነበር። ማን ይበደር የሚለውንም አብረን ወስነናል።

ያን ቀን ከክፍል ወጥቼ ደወልኩላት።

«እታለም፣ ያኔ ብድሩን ያስከለከልኩሽ እኔ ነኝ» አልኳት።

«አንቺ ልጅ፣ ለዚህ ብለሽ ነው ሥራ የምታስፈቺኝ? እኔስ እጄን አላወጣሁም እንዴ?» ብላ ሳቀች። ቀጥላም፣ «ግን አንድ ነገር ልንገርሽ። ሦስት ቀን ስትጽፊ አጠገብሽ ቁጭ ብዬ እሰፋ ነበር። አንዴ ቀና ብለሽ ‹አንቺ ምን ትያለሽ?› አላልሽኝም። ብትጠይቂኝ ኖሮ፣ አሥራ ስምንቱን እከፍላለሁ፣ ብድሩን ብቻ አትከልክሉኝ እልሽ ነበር።»