«ወንድምሽ ዐርፏል» የተባልኩበት ቀን

ይህ የደረሰብኝ አምና ሰኔ፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል ነው። ሰው ወንድሙን ሲያጣ ያለቅሳል፤ ውሎ አድሮም ይጽናናል። እኔን ግን እስካሁን የሚያንገበግበኝ መሞቱ ብቻ አይደለም፤ ሞቱን የሰማሁበት መንገድ ነው።

የወሎ ሰው ነኝ፤ የሐይቅ ልጅ። መቐለ ከመጣሁ ቆይቻለሁ፤ ሓድነት በሚባለው ሰፈር በአንዲት ጠባብ ሱቅ ልብስ እሰፋለሁ። ታናሽ ወንድሜ ኢብራሂም እኔን ተከትሎ መጥቶ ግንባታ ላይ ልስን ይሠራ ነበር። ዝምተኛ ነበር። ሲስቅ እንኳ አፉን በእጁ ይሸፍናል።

የዚያን ቀን ጠዋት ከቆመበት መወጣጫ ላይ ወደቀ። አምቡላንስ የጠሩለት የሥራ ጓደኞቹ ናቸው። እኔ የሰማሁት ከአምቡላንሱ ባለሙያ ነው፤ በወንድሜ ስልክ ደወለልኝ። ሃፍቶም እንደሚባል ያወቅሁት ኋላ ነው።

«ሃፍተይ፣ ወንድምሽ ወድቋል። ወደ ሕክምና እየወሰድነው ነው» አለኝ፤ ሃፍተይ በትግርኛ እኅቴ ማለት ነው። በስልኩ ውስጥ ኢብራሂም ሲያቃስት ይሰማኛል።

«በጣም ተጎድቷል?»

«ሕመሙ ፋታ ነሥቶታል። መርፌ ወግተነዋል፤ ትንሽ ያርፍ ይሆናል። የት እንደምናስገባው ሳውቅ እደውልልሻለሁ፤ እዚያው ጠብቂኝ።»

ሐይቅ ላለችው እናቴ ደውዬ ነገርኳት። ከዚያ ስልኬን ጨብጬ ተቀመጥኩ። የጀመርኩት ቀሚስ መኪናው ላይ እንደተወጠረ ቀረ።

ሃፍቶም መልሶ ሲደውል ድምፁ ዝግ ብሏል።

«ሃፍተይ፣ ወንድምሽ ዐርፏል።»

«ሕመሙ ለቀቀው?»

«አዎ። ከሕመሙ ዐርፏል። ተረጋጊ፤ ሰው ይዘሽ ነይ» ብሎ የሆስፒታሉን ስም ነገረኝ።

እኛ ቀዬ ሰው ሲሞት ሞተ ይባላል፤ በአክብሮት ሲነገር ደግሞ አኼራ ሄደ ነው። ዐረፈ የምንለው ሥራ ውሎ ጎኑን ላሳረፈ ሰው ነው። ክርስቲያን ጎረቤቶቼ ቃሉን ለሞት እንደሚጠቀሙበት አላጣሁትም። ግን ያ ሰውዬ ቀድሞ «መርፌ ወግተነዋል፤ ያርፍ ይሆናል» ብሎኛል። ደግሞም ጆሮዬ የሰማው መስማት የፈለገውን ነው። «ሰው ይዘሽ ነይ» ያለኝንም ለማስታመም መሰለኝ፤ እኔ ምን አነሰኝ ብዬ ብቻዬን ተነሣሁ።

ወዲያው ለእናቴ ደወልኩ። «እማ፣ ኢብሮ ዐርፏል። ሕመሙ ለቆታል» አልኳት። «አልሐምዱሊላህ» እያለች ድምፅ አውጥታ አለቀሰች። ጎረቤት ጠርታ የምስጋና ዱዓ ልታስደርግ እንደሆነ ነገረችኝ። እኔም አጃ ሾርባ ሠርቼ በፔርሙዝ ሞላሁ፣ ንጹሕ ሽርጥ አጣጠፍኩና ባጃጅ ያዝኩ። መንገድ ላይ ለሾፌሩ ወንድሜ እንደተረፈ ስነግረው እሱም ደስ አለው።

የድንገተኛ ክፍሉ በር ላይ የቆሙትን ዘበኛ «ወንድሜ ዐርፏል ብለውኛል፤ የት ነው የተኛው?» አልኳቸው።

ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አወለቁ። «እግዚኣብሔር ያጽናሽ፣ ጓለይ» አሉኝ፤ ልጄ እንደማለት ነው።

«አሜን» አልኳቸው። ለማስታመም ብርታት ይስጥሽ ማለታቸው መስሎኝ ነበር። ዛሬም ያቺን አሜን ባስታወስኩ ቁጥር ሰውነቴን ይቀፈኛል።

ሃፍቶም ከውስጥ ወጥቶ መጣ። ገና ልጅ እግር ነው፤ ልብሱ ላይ ደም አለ። ዐይኑ ፔርሙዙ ላይ ቀረ።

«ምንድነው የያዝሽው?»

«ሾርባ ነው። መብላት ይችላል አይደል?»

«ነግሬሽ የለም እንዴ?» አለኝ።

«ነግረኸኛል። ዐርፏል ብለኸኛል።»

አማርኛው ሁሉ ጠፋበት መሰለኝ፣ በመጨረሻ በራሱ ቋንቋ «ሞይቱ እዩ፣ ሃፍተይ» አለኝ። ያን ቃል ለመረዳት ትርጉም አላስፈለገኝም።

ከዚያ በኋላ ያለውን በደንብ አላስታውሰውም። እናቴን ግን ማንም እንዲነግርልኝ አልፈለግሁም። ስደውል ቤቱ በሰው ተሞልቷል፤ ዱዓው አላለቀም፤ አሚን የሚሉት ሰዎች ድምፅ ይሰማኛል።

«እማ፣ ኢብሮ ሞቷል።»

«አሁን ደኅና ነው አላልሽኝም?» አለች።



ከወራት በኋላ ሃፍቶም ሱቄ ድረስ መጣ። የአምቡላንስ ባለሙያዎች የፊደል አጻጻፍና የቃላት ሥልጠና ሊወስዱ ነው፤ የሚጽፉት የሕሙማን መረጃ በግድፈት የተሞላ ነው፣ ቃልም ያጥራቸዋል ተብሏል። «የደረሰብሽን ብትነግሪያቸው» ብሎ ለመነኝ። ሌላ ሰው እንደኔ አይሁን ብዬ ሱቄን ዘግቼ ሄድኩ።

ቆሜ የነገርኳችሁን ሁሉ ነገርኳቸው። አሠልጣኙ አመሰገኑኝና «ጥሩ ምሳሌ ነው» ብለው ቃሉን ሰሌዳ ላይ ጻፉት። ከዚያ ክርክር ተነሣ። አንዱ በራብዑ ዓ ነው አለ፤ ሌላው በግዕዙ ዐ ነው አለ፤ አንዲት ልጅ በአልፋው አ ጽፋ ተሣቀባት። እነሱ እንደ ትግርኛቸው ያን ፊደል ከጉሮሯቸው ያወጡታል፤ እኔ ስለው ልዩነቱ አይሰማም። አሠልጣኙ ትክክለኛውን አስመርጠው ሁሉም በደብተሩ ገለበጠ።

እጄን አወጣሁ። «በፈለጋችሁት ፊደል ጻፉት። ለቤተሰብ ስትደውሉ ግን ሞቷል በሉ» አልኳቸው።

አሠልጣኙ ፈገግ አሉ። «እኅቴ፣ ሐዘንሽ ይገባናል። ግን ሞተ ሻካራ ቃል ነው፤ ባለሙያ ጨዋ ቃል መጠቀም አለበት» አሉኝና ዐረፈ በሚለው ሥር «ተለየ»፣ «አለፈ» ብለው ጨመሩበት። ሁሉም ጻፈ። ምሳ ሲቀርብ እኔ ወጣሁ።

ሃፍቶም እስከ ባጃጁ ሸኘኝ። «እኔ ካንቺ በኋላ ሞቷል ነው የምለው» አለኝ። «የሟች ቤተሰቦች ጨካኝ ይሉኛል። አንዱ አባት በጥፊ መታኝ።» በእሱ ላይ ቂም የለኝም። ሊያሳምረው ብሎ ነው ያበላሸው። የነደደኝ የዚያ አዳራሽ ነገር ነው፤ ወንድሜን የፊደል መልመጃ አድርገውት ተበተኑ።

የእናቴ እምነት ግን አልተመለሰልኝም። «ሕመሙ ለቆታል» ስላት ኢብሮ በሕይወት ነበር፣ ኋላ የሆነውን ደብቃኛለች ብላ ታምናለች። ብምል ብገዘት አትሰማኝም።

በቅርቡ ታይፎይድ ጥሎኝ ነበር። ሲሻለኝ ደውዬ «እማ፣ ድኛለሁ» አልኳት።

«አጠገብሽ ሰው አለ?» አለችኝ።

«አከራዬ አሉ።»

«ስጫቸው።»

ስልኩን ለኣደይ ለተ ሰጠኋቸው። እሳቸውም በተሰባበረ አማርኛ «ደኅና ናት፤ ቆማለች፤ በዓይኔ እያየኋት ነው» አሏት። እናቴ ያኔ ነው «አልሐምዱሊላህ» ያለችው። ከእኔ ጋር ሳታወራ ዘጋችው።