ውሃው የመጣበት ቅዳሜ

ነገሌ ቦረና የገባሁት አርብ ከሰዓት በኋላ ነበር። የውሃ ፓምፕ ጠጋኝ ነኝ። ከሐዋሳ የተላክሁት፣ ከከተማው ወጣ ብሎ በሚገኝ መንደር የተቃጠለ የጥልቅ ጉድጓድ ሞተር ቀይሬ ሰኞ እንድመለስ ነው። አዲሱን ሞተር በብርድ ልብስ ጠቅልለን ፒክአፑ ላይ ጭነነዋል። ከክብረ መንግሥት ወዲህ መንገዱ ባንገጫገጨን ቁጥር ዞር ብዬ ደኅንነቱን አያለሁ።

ዝናቡ ዓመት አልፎ ዓመት የቀረበት ጊዜ ነበርና ከተማው በእርዳታ ሠራተኞች ተሞልቷል። የጠየቅነው ሆቴል ሁሉ አልጋ የለንም አለን። ሹፌሩ ዘመድ ነበረውና ወደዚያ ሄደ። ወደ መንደሩ ሊመሩኝ የመጡት ሽማግሌ ግን ሻንጣዬን ከእጄ ነጠቁኝ።

“የምን ሆቴል ነው? የውሃ ሰው መጥቶ ሆቴል ካደረ እኔ በምን ዓይኔ ሰው አያለሁ?”

ሽማግሌው የውሃ ቦቴ ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ ናቸው። አባታቸው ከመንዝ በውትድርና መጥተው እዚያው የቀሩ፣ እናታቸው ቦረና። በአማርኛ የጀመሩትን በኦሮምኛ ይጨርሱና ለእኔ ሲሉ መልሰው ይደግሙታል። ባለቤታቸውም ቦረና ናቸው፤ ረጅም፣ ፊታቸው የከሳ ሴት። በር ላይ እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ “አካም፣ ልጄ? መንገዱ ናጋ? እናትህ ናጋ? አገሩ ናጋ?” አሉኝ። ለሁሉም “ናጋ፣ ናጋ” ብዬ መለስኩ። ደኅና ማለት ነው። የማውቀው መልስ እሱ ብቻ ነበር፤ ኋላ እንዳየሁት ሌላ መልስም የለውም።

እማማ ወዲያው መታጠቢያ ውሃ አሞቁልኝ። የከተማው ቧንቧ ከደረቀ ሰንብቷል፤ ውሃ የሚመጣው በአህያ ጋሪ ነው። “ፊቴን ብቻ እታጠባለሁ፣ አይድከሙ” ብል አልሰሙኝም። ሳፋውን ጓሮ አስቀምጠው ከሄዱ በኋላ እንደገና ተመለሱና አንገታቸውን ደፋ አድርገው፣ “ልጄ፣ አትቀየመኝ፤ ሳሙና አታስነካው። ፍየሎቹ ይጠጡታል” አሉኝ።

ራት ላይ በእንጨት ጭስ የታጠነ ወተት በትልቅ ኩባያ ቀረበልኝ። እነሱ ሻይ ነበር የያዙት። ወተት እንደማይወዱ ነገሩኝ፤ እኔም አመንኳቸው። የተኛሁት ደግሞ አልጋቸው ላይ ነው። እነሱ ሳሎን ምንጣፍ አንጥፈው እንዳደሩ ያወቅሁት ጠዋት ስነሳ ነው።

ቅዳሜ ማለዳ ወደ መንደሩ ሄድን። እማማም አብረውን ሄዱ፤ የቤታቸው ከብቶች እዚያ ወንድማቸው ዘንድ ነው ያሉት። ከአሥራ አንዱ አራት ቀርተዋል። አንዷ ብቻ ወልዳ ትታለባለች፤ ማታ የጠጣሁት ወተት የእሷ እንደሆነ መኪና ውስጥ ሰማሁ። ወንድምየው እንግዳ መምጣቱን ሰምቶ በሞተር ሳይክል ልኮት ነው። መንገዱ ዳር የወደቀ ከብት ብዙ ነበር። አባባ ገና ከሩቅ ሲያዩት ፊታቸውን ወደ ሌላው መስኮት ያዞራሉ።

መንደሩ ስንደርስ ወንዶቹ አንዲት ላም በሆዷ ሥር ገመድ አሳልፈው ከወደቀችበት ሊያቆሟት ይታገሉ ነበር። አባባ ሰላምታ ሰጡ።

“ሎን ናጋ?” ከብቱ ደኅና ነው ወይ ማለታቸው ነው።

ገመዱን የያዘው ሰው ቀና ሳይል “ናጋ” አላቸው።

ጉድጓዱ ዙሪያ ሰዉ ከነልጁ ተሰብስቦ ጠበቀን። አሮጌውን ፓምፕ ከነቧንቧው ጎትተን ስናወጣ እኩለ ቀን ሆነ። ሞተሩ በእርግጥ ተቃጥሏል። ግን የተቃጠለበት ምክንያት አላማረኝም፤ ውሃ ሳያገኝ በደረቁ እንደ ሠራ ያስታውቃል። የውሃ መለኪያዬን አወጣሁ። ጫፉ ውሃ ሲነካ የሚጮህ ረጅም ገመድ ነው። ወደ ጉድጓዱ ለቀቅሁት። ሰዉ ወደ ጉድጓዱ ተጠጋ። ወርዶ ወርዶ ድሮ ውሃው ነበር የተባለበትን አለፈ። ገመዱ ሊያልቅ ምንም ያህል ሳይቀረው ጮኸ።

ጩኸቱን ሲሰሙ ሴቶቹ እልል አሉ። ያነበብኩትን ቁጥር የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ከታች የቀረው ሁለት ሜትር የማይሞላ፣ ከጭቃ ጋር የተደባለቀ ውሃ ነው። ጉድጓዱ ሞቷል። አባባን ወደ ጎን ወሰድኳቸውና ነገርኳቸው። ሠላሳ ዓመት ውሃ ያመላለሱ ሰው ናቸውና አልተከራከሩኝም።

ለሰዉ የተናገሩት እሳቸው ናቸው። የእማማ ወንድም ግን ወደ እኔ መጣና በተሰባበረ አማርኛ፣ “ጮኸ እኮ! አንተ ራስህ ሰማህ። ሞተሩን ክተተው፤ አንድ ጊዜ ብቻ ሞክረው” አለኝ።

“ጭቃ ነው። ቢመጣም ወዲያው ይቋረጣል።”

“ይቋረጥ። እንየው።”

እማማም ቀስ ብለው፣ “ልጄ፣ በዓይናቸው ካላዩ ከዚህ አይነሱም። እዚሁ ያልቃሉ” አሉኝ።

ምክንያት ለሚፈልግ ሰው በቂ ምክንያት ነው። እውነቱን ለመናገር ግን እኔም ፈልጌዋለሁ። ያን ሁሉ መንገድ ሞተር ተሸክሜ መጥቼ፣ አልጋቸው ላይ ተኝቼ፣ ወተታቸውን ጠጥቼ፣ ባዶ እጄን መሄድ አልቻልኩም። ምናልባት ከጭቃው በታች የተደፈነ ምንጭ ይከፈት ይሆናል ብዬ ራሴን አታለልኩ።

አሥር ሰዓት አካባቢ ጄኔሬተሩን አስነሳሁ። ቧንቧው አስነጠሰ፣ አየር ተፋ፣ ከዚያ ቀይ ውሃ ገንዳው ውስጥ ተንዶለዶለ። እልልታው ሰማይ ነካ። አንዲት ሴት ትከሻዬን ሳመችኝ። አባባ ኮፍያቸውን አውልቀው ሲያለቅሱ አየሁ።

ከብቶቹን ማንም አላሰበም። የውሃው ሽታ ደርሷቸው ኖሮ ከየዛፉ ሥር ተነሥተው መጡ። መራመድ ያቃታቸው የነበሩት ሮጡ። ሰዎቹ በዱላ ሊመልሱ ሞከሩ፤ የሚሆን አልሆነም። ገንዳው ላይ ተደራረቡ፣ ደካሞቹ ከእግር ሥር ወደቁ። እኔ ማብሪያ ማጥፊያውን ይዤ ቆሜ ነበር። ከዚያ የሞተሩ ድምፅ ተለወጠ፤ ቧንቧው ሁለት ጊዜ ጭቃ ተፋና ደረቀ። አጠፋሁት። ምናልባት ሦስት ደቂቃ ቢሆን ነው።

አቧራው ሲበርድ አምስት ከብቶች ወድቀው ቀርተዋል። አንዷ የእማማ ላም ናት። ገመዱን በሆዷ ሥር አሳልፈው ሦስት ጊዜ ሞከሩ። አንድ ጊዜ በፊት እግሯ ተንበረከከች፤ ከዚያ ራሷን መሬት ላይ አሳረፈች። እማማ አጠገቧ ቁጭ ብለው ከዓይኗ ላይ ዝንብ ያባርሩ ነበር። ጥጃዋ መጥታ ጡቷን ፈለገች።

ስንመለስ መሽቶ ነበር። ከተማው መግቢያ ላይ፣ “አባባ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። ማስነሳት አልነበረብኝም” አልኳቸው።

“አንተ ምን አጠፋህ? ለምነንህ ነው።”

“እያወቅሁ ነው ያስነሳሁት።”

“እኔስ አላወቅሁም?” አሉኝ።

እሑድን ሙሉ እዚያው ዋልኩ። ሹፌሩ ነዳጅ ፍለጋ ሄዶ ስላልተመለሰ መውጫ አልነበረኝም። ያን ቀን ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ጠዋት እማማ ሻይ አቀረቡልኝና ወተት ስለሌለው ይቅርታ ጠየቁኝ። ስኒውን ተቀብዬ ጠጣሁ። ቀን ላይ ከሁለቱ ፍየሎች አንዷ ለእኔ ታረደች። እንዳትታረድ ለመንኩ፣ ተቆጣሁ፣ ልውጣ ብዬ ተነሣሁ። አባባ በሩን በክንዳቸው ዘጉት።

“የመጣህ ቀን ነበር የምትታረደው። አሁን ባናርድ አዝነንብህ ይመስላል። ቁጭ በል።”

ተቀመጥኩ። ጎረቤት ተጠራ። እያንዳንዱ ሲገባ፣ “ናጋ?” ይላል፤ እማማ፣ “ናጋ” ይላሉ። ሥጋውን መርጠው እፊቴ ያስቀምጡልኛል። በላሁ። ላሚቱን ያነሣ አንድም ሰው አልነበረም።

ሰኞ ማለዳ ሹፌሩ መጣና ተሰናበትን። ሞተሩን ቅዳሜ ከመንደሩ ሳንወጣ ፈትቼ መልሼ ጭኜዋለሁ። ሐዋሳ ደርሼ ጉድጓዱ እንደደረቀ፣ ሌላ ጥልቅ ጉድጓድ እንደሚያስፈልግ ጻፍኩ። ተቀበሉኝ፣ ፋይል ውስጥ ገባ። አዲስ ጉድጓድ አልተቆፈረም። መንደሩ በወሩ ፈረሰ፤ ሰዉ አስፋልት ዳር ላስቲክ ወጥሮ ራሽን ይጠብቅ ጀመር። ይህን የነገሩኝ አባባ ናቸው፣ በስልክ። የቀሩት ሦስት ከብቶችም አልቀዋል። ጥጃዋን አልጠየቅኳቸውም። “መቼ ትመጣለህ?” አሉኝ። “ሥራው ሲፈቅድ” አልኩ።

ሥራው ፈቅዶ ነበር። በቀጣዩ ዓመት በዚያው አካባቢ ሁለት ፓምፕ የሚጠግን ሰው ሲፈለግ መጀመሪያ የተጠራሁት እኔ ነኝ። ወገቤን አሞኛል ብዬ ባልደረባዬን አስላክሁ። ሲመለስ ሽማግሌዎቹ ሆቴል እንዳያድር ከልክለው ቤታቸው እንዳሳደሩት ነገረኝ። የሰጡት አልጋ ጥሩ እንደነበር፣ እነሱ የት እንደተኙ ግን እንዳላየ ጨመረልኝ። ስለ እኔ ጠይቀውት፣ ታሟል ሲላቸው እማማ እንደተጨነቁ አጫወተኝ። ከዚያ ወዲህ አልደወልኩም።