የሁዳዴው እንቁላል

በሁዳዴ እንቁላል የበላሁ ሴት ነኝ። ወሬውን የባሌ እህት በቁይ ገበያ ቀድማኝ ነዝታዋለች፤ አሁን ደግሞ እኔው ልጽፈው ተነሣሁ። ጽሕፈቴ ዶሮ የጫረው ይመስላል። ማንበብ የፈለገ ያንብበው።

ልጄ ዲያቆን ነው። አንድ ጠዋት ሆዱ እንደ ከበሮ ተነፍቶ፣ የቀመሰውን ሁሉ ሲያስመልሰው፣ በቃሬዛ እስከ መኪና መንገድ አድርሰን ማርቆስ ሆስፒታል አስገባነው። አንጀቱ ተጠማዟል አሉ። የሞተውን ቆርጠው የቀረውን ሰፉለት። ከማደንዘዣው ሲነቃ እልል አልኩ። ለካ የሚያስፈራው ገና ኖሯል።

መቅመስ ሲፈቀድለት አጥሚቱን ጠጣ። ወተትና እንቁላል ሲባል ግን ጥርሱን ነከሰ። ሁዳዴ ነዋ! ጉንጩ ጎደጎደ፣ ልብሱን ሲያወልቅ የጎድን አጥንቱ ይቆጠራል። ሲስተሯ ወደ ኮሪደሩ ጠራችኝ።

«እናቴ፣ በአጥሚት ብቻ አይሆንም። ደህና አድርጎ ካልበላ ቁስሉ አይጠግግለትም። የውስጡ ስፌት ከለቀቀ ደግሞ ልናጣው እንችላለን።»

ግድግዳ ተደግፌ ለንስሐ አባታችን ደወልኩ። «የታመመ ሰው ጾም የለበትም፤ ፈቅጃለሁ፣ ይብላ» አሉ። ገብቼ ስልኩን ልጄ ጆሮ ላይ አድርጌ ራሱ እንዲሰማ አደረግሁት።

«እማዬ፣ አገር ሁሉ እየጾመ እኔ ብቻዬን ልግደፍ? ብሞትም በጾሜ ልሙት» አለኝ።

ሞትን እንደ ቆሎ ቆረጠመው! የባሌ እህት ከእግርጌው ተቀምጣ «እሰይ የኔ አንበሳ! የአባቱ ልጅ!» ትለዋለች። ያን ጊዜ ፍርሃቴ ወደ ንዴት ተገለበጠ።

በጾም ማርቆስ ላይ የተቀቀለ እንቁላል ከየት ይመጣል? ከአጠገባችን ባሏን የምታስታምም አንዲት ሙስሊም አስተማሪ ነበረች። ብነግራት ከቤቷ ቀቅላ፣ በጨርቅ ጠቅልላ፣ ትኩሱን ይዛልኝ መጣች። ልጬ አፉ ላይ ያዝኩለት። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

«አንቺ ትበያለሽ?» አለኝ።

ሊያሳፍረኝ ነው። ነፍስ ካወቅሁ ጀምሮ ሁዳዴን ገድፌ አላውቅም፤ እሱን አርግዤ እንኳ ጾሜያለሁ። እንቁላሉን አየሁት። ገመጥኩት።

የባሌ እህት ዘላ ተነሣች። «ኧረ በሥላሴ! ሴትዮዋ አበደች!»

«አላበድኩም፣ እቴ። አንቺ አንበሳ ብለሽ ቀብረሽው ወደ ቤትሽ ትገቢያለሽ። ባዶ መደብ የምታይ እኔ ነኝ።» ወደ እሱ ዞርኩ። «በል፣ የእናትህ ጾም ተገድፏል። ይህን ግማሹን አንተ ትበላዋለህ። እምቢ ካልክ እሱንም እኔ እበላዋለሁ፣ የነገውንም፣ የከነገ ወዲያውንም። የኔን ኃጢአት ስትቆጥር ክረም!»

ግማሹን እንቁላል መልሼ አፉ ላይ ያዝኩለት።

ልጄ አለቀሰ። እያለቀሰ አፉን ከፈተ። አስተማሪዋ ጨው አቀበለችን።

ከዚያ ወዲያ እንቁላሉም ወተቱም ሲመጣ አልተከራከረኝም። ቁስሉ ጠገገ፣ ስፌቱም ያዘ፣ በእግሩ እየሄደ ከሆስፒታል ወጣ። የባሌ እህት እስከ ዛሬ ደጄን አትረግጥም። ትቅር።

ጰራቅሊጦስ ካለፈ በኋላ የንስሐ አባታችን ቤታችን መጡ። ሰምተዋል።

«ለልጁ እኔ ፈቀድኩ። ለአንቺስ ማን ፈቀደልሽ?»

«ማንም፣ አባ።»

ስግደት ሰጡኝ። ጉልበቴ እስኪላጥ ሰገድኩ፤ አንዲት አላጎደልኩም። ሲመለሱ «ተጸጽተሻል?» ብለው ጠየቁኝ።

«ስግደቱን ይጨምሩልኝ አባ፤ ተጸጸትኩ ግን አልልም። ነገም ቢሆን እገምጠዋለሁ።»

መስቀላቸውን ከእጅ ወደ እጅ አዛወሩ። ከደጅ ልጄ ዳዊት ሲደግም ድምፁ ይመጣል።

«ይሰማዎታል?» አልኳቸው።