ከድንጋይ ጋር የደፋኋት ነሐስ

የመጀመሪያ ቀን ሥራዬ አፈር መንፋት ነበር። ጠላት በወጣ በጥቂት ዓመት ውስጥ ነው፤ ከቀሐ ወንዝ በላይ ድርቡሽ ያቃጠላትን ቤተ ክርስቲያን መልሶ ለመሥራት መሠረት ይቆፈር ነበር። ወንዶቹ በዶማ ይቆፍራሉ፤ እኔ አፈሩን በሽቦ ወንፊት እነፋለሁ። የላመው ለጭቃ ይሄዳል፣ ድንጋዩ ለመሠረት ይደፋል።

ካቦው አያ ጌጤ፣ «ድንጋይ ወደዚያ፣ አፈር ወደዚህ። ሌላ አታስቢ» አለኝ። ሦስት ልጅ ቤት ቆልፌ የመጣሁ ሴት ሳላስብ አልውልም።

በሁለተኛው ሳምንት፣ ዓርብ ዕለት፣ ከወንፊቱ ላይ መሐሏ የተበሳ ክብ ነሐስ ቀረች። የበቅሎ ጌጥ ስባሪ መሰለችኝ። ከድንጋዩ ጋር ደፋኋት።

እሑድ በሌላ ደብር ማኅሌት ሳዳምጥ አንድ ደብተራ ጸናጽሉን ዝቅ አድርጎ ነቀነቀ። ከሽቦው ላይ ወዲያና ወዲህ የሚንሸራተቱት ነሐሶች ክብ ናቸው፤ መሐላቸው የተበሳ፣ ልክ የደፋኋትን ያህል። ድርቡሽ ሲመጣ ካህናቱ ንዋየ ቅድሳቱን እንደ ቀበሩ፣ ቦታውን የሚያውቅ ግን እንዳልተረፈ ሁላችንም ሰምተናል። ሰኞ ዶማው እዚያው ሊያርፍ ነው!

ሰኞ ማለዳ ሮጬ ደረስሁ።

«አያ ጌጤ፣ ቁፋሮውን አስቁምልኝ።»

«ምነው? መሐንዲስ ሆንሽ እንዴ?» ቆፋሪዎቹ ሳቁ።

ያየሁትን ነገርሁት።

«የታለች ነሐሷ?»

«ደፋኋት።»

«ጥለሽ ስታበቂ ሥራ ታስፈቺኛለሽ! ባዶ ከሆነ ነገ እንዳትመጪ።»

የልጆቼ ፊት ድቅን አለብኝ። «ባዶ ከሆነ አልመጣም» አልሁ።

ዶማው ተቀምጦ በእጅ መጫር ተጀመረ። የደብሩ መሪጌታም ተጠሩ። የዓርቡ አፈር ከየት ጥግ እንደ ወጣ እርግጠኛ አልነበርሁምና እስከ ቀትር ምንም አልተገኘም። አያ ጌጤ አላየኝም፤ መሬት መሬት ያያል።

ከዚያ አፈሩ ከሰል ሆነ። የጋን ከንፈር ብቅ አለ፤ ዓርብ ዶማ ነክቶት ተሸርፏል። አንድ ምት ቢጨመር ኖሮ ያልቅለት ነበር።

ሴቶቹ ወደ ኋላ ሸሸን፤ ንዋየ ቅድሳት በእኛ እጅ አይነካም። መሪጌታ በነጠላቸው እየያዙ አንድ በአንድ አወጡ፤ ጽዋ፣ ጽና፣ የእጅ መስቀል፣ አንድ ሽቦው የተሰበረ ጸናጽል። እልልታውን ማን እንደ ጀመረው አላውቅም፤ እኔ ሳልሆን አልቀርም።

ሥራውን የሚመራው ፈረንጅ መሐንዲስ በአስተርጓሚው፣ «በግብፅም ከጥንት የጣዖት ቤቶች ሥር የአምልኮ ዕቃ ተቀብሮ ይገኛል፤ እንደዚህ ጸናጽል ያለ የሚንሿሿም አላቸው» አለ።

መሪጌታ ቀና ብለው፣ «እነሱ ለጣዖት ቀብረው ይሆናል። የኛዎቹ ከእሳት ነው የደበቁት» አሉት።

የደፋኋትን ነሐስ ሦስት ቀን ፈለግን። ከመሠረቱ ድንጋይ ጋር ገብታ ቀረች። አያ ጌጤ፣ «ሸጋ ሠርተሻል፤ ነገ እንዳትቀሪ» አለኝ።

ከዚያ ወዲህ በሠራሁበት ቁፋሮ ሁሉ ከወንፊቴ አጠገብ ጨርቅ አነጥፋለሁ። ምንነቱን ያላወቅሁትን እዚያ ላይ አኖራለሁ። የሚያውቅ ሰው ሳያየው አልደፋም።