ለስላሳው መስመር

ለሚ ክፉ ሰው አይደለም፤ ይህን አስቀድሜ ልናገር። ሮቤ ውስጥ አንድ ቢሮ ነው የምንሠራው፣ ጠረጴዛችንም ጎን ለጎን ነው። የእሱ ሥራ ውርጭ ከመውረዱ በፊት ገበሬውን የሚያስጠነቅቅ የኮምፒውተር ሞዴል መሥራት ነው። ያሳደጉት አዳዳ የሚላቸው የአባቱ እህት እማማ ሞሚና ናቸው። ከጎባ በላይ ባለች ማሳቸው ድንች እያመረቱ ዩኒቨርሲቲ አደረሱት።

ማሳቸው ዳር የተተከለው መሣሪያ በየአሥር ደቂቃው ሙቀት ይለካል። ለሚ ሞዴሉን በዚያው ልኬት ሊሠራ ነበር። አለቃችን ዳግማዊ ግን የሙቀቱ መስመር ስክሪኑ ላይ ሲወጣ ሲወርድ አየና ፊቱን አጨፈገገ።

«ይሄ የበሬ ሽንት ምንድን ነው? አማካይ ውሰድና በቀን አንድ ቁጥር አድርገው። ሞዴሉን የሚያዩ እንግዶች ሊመጡብን ነው።»

«የንጋቱ ብርድ እኮ ይጠፋብናል...» ብሎ ለሚ ጀመረና ዋጠው። ቋሚ ቅጥር እየጠበቀ ነበር። የቀኑ ፀሐይና የሌሊቱ ብርድ ተደምረው ተካፈሉ፣ መስመሩም ለሰለሰ። እንግዶቹ አጨበጨቡ።

ኅዳር ላይ፣ ሰማዩ ጠርቶ ነፋሱ ጸጥ ባለበት ቀን፣ ከቢሮ ልንወጣ ስንል እማማ ሞሚና ደወሉ። እንዲህ ሲሆን የዚያ አገር ሰው ውርጭ ፈርቶ ቡቃያውን ገለባ አልብሶ ነው የሚተኛው።

«ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ ላልብሰው ወይስ ልተወው? ወገቤን አሞኛል።»

ለሚ ሞዴሉን አየ። «ውርጭ የለም አዳዳ፣ ይረፉ» አላቸው። እሳቸውም ለጎረቤት ሁሉ አወሩ፤ ልጄ ብሏል ብለው። ማንም ሳያለብስ ተኛ። ሲነጋ ድንቹ ሁሉ ጠቁሯል።

ውርጭ እንደመታው ቢሮአችን ላረጋገጠለት ሰው የዘር ድንች ይሰጣል ሲባል፣ እማማ ሞሚና የጠቆረውን የድንች ግንድ በፌስታል ይዘው መጡ። ዳግማዊ ስክሪኑን አዞረላቸው።

«ይኸው እማማ፣ የዚያን ቀን አማካይ ስምንት ዲግሪ ነው። በእኛ መረጃ ውርጭ አልነበረም።»

«ከዜሮ በታች የወረደው ዋናው ልኬት እዚያው ውስጥ አለ፤ ይከፈት!» አልኩ።

«አንቺን ማን ጠየቀሽ?» አለኝ ዳግማዊ።

እማማ ሞሚና ወደ ለሚ ዞሩ። «ይህን የሠራኸው አንተ ነህ?»

«አዎ፣ አዳዳ።»

ስክሪኑን ትንሽ አዩት። ከዚያ የፌስታሉን አፍ ቋጠሩ።

«እንግዲያው ዓይኔ ነው የደከመው» አሉ። «ልጄ አይዋሸኝም።»